ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ፦ ሽንቱ የተዘጋ ወንድ ድመት እንዴት ያገግማል?

ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ ሲወጣ፣ ሲቆፍር፣ ተቀምጦ ሲያምጥና ምንም ሳይወጣው ሲነሣ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ሆዱ ደርቆበታል» ይላል። ዘይት ይሰጠዋል፣ ወተት ያቀርብለታል፣ እስኪነጋም ይጠብቃል። ብዙ ድመት የሚሞተው በዚህ ጥበቃ ውስጥ ነው። የጠፋው ሽንቱ ነውና። የሽንት ቧንቧው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ድመት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ደሙ ኩላሊት ሊያስወግደው በሚገባ ቆሻሻ ይመረዛል፤ ካልታከመ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊሞት ይችላል።

ምልክቱን ለማወቅ የሐኪም መሣሪያ አያስፈልግም። ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይሸናል፤ አሸዋው በየጊዜው ይረጥባል። የተዘጋበት ድመት ግን እየተመላለሰ አሸዋው ደረቅ ይሆናል፤ ቢበዛ ጠብታ ወይም የደም ነጥብ ይገኝበታል። ይጮኻል፣ ብልቱን ያለማቋረጥ ይልሳል፣ አልጋ ሥር ይደበቃል። ምግብ መተውና ማስመለስ ከጀመረ መርዙ ደም ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ደንዝዞ ከተኛና ሰውነቱ ከቀዘቀዘ የቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ሆዱን «እስቲ ልፈትሽ» ብሎ መጫን አይገባም፤ እጅግ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

የሚገድለው በዋናነት ፖታሲየም ነው። ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ይህ ንጥረ ነገር መውጫ ሲያጣ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የልብን ምት የሚመራውን ኤሌክትሪክ ያውካል። የድመት ልብ ሐኪም ፊት ሲቀርብ በመደንገጡ ምክንያት በፍጥነት መምታት ሲገባው በተቃራኒው ቀስ ብሎ ከመታ፣ ልምድ ያለው ሐኪም የደም ምርመራውን ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ይጀምራል።

በዚህ ዳሰሳ ልመልሰው የምፈልገው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በደህና የተደራጀ ሆስፒታል የደረሰ ድመት ከመቶ ከዘጠና በላይ በሕይወት ይወጣል። በእስራኤል የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የኮሬት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ82 ድመቶች የተረፉት 91.5 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከወጡት መካከል ከአራት አንዱ ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ተዘግቶበታል፤ አብዛኛው የተመለሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዙሪክ የወጣ የ2008 ጥናት፣ ጠጠር ያልተገኘባቸውን ድመቶች ለይቶ ሲከታተል፣ ዳግም የተዘጋባቸው ከሦስት አንድ በላይ ሆነው አግኝቷል። ስለዚህ ስለ ሆስፒታሉ ብዙ ሲጻፍ ስለ ቤቱ ትንሽ መባሉ ሚዛን ያጣ ይመስለኛል። ያለው ማስረጃ ተደምሮ ሲታይ ድመቱን የሚያተርፈው ሐኪሙ ቢሆንም፣ የሚያገግመው ግን በሚጠጣው ውኃና በሚኖርበት ቤት ሁኔታ ነው።

ለምን ወንዱ?

የሴቷ የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፊ ነው። የወንዱ ረጅም ሆኖ ወደ ጫፉ ሲደርስ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ይሆናል። እዚያ የሚሰካው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፦ ጠጠር፣ ውታፍ፣ ወይም ምንም። ጠጠሩ የታወቀ ነው። ውታፉ ከተቆጣ ፊኛ የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽና ፕሮቲን ከደቃቅ ክሪስታል ጋር ተቦክቶ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚገርመው ነው፤ ምንም የተሰካ ነገር ሳይኖር ቧንቧው ራሱ አብጦና ተኮማትሮ ይዘጋል።

በአገራችን ይህን ችግር ቀድሞ የሚያውቀው ድመት ያሳደገ ሳይሆን ሙክት ያደለበ ሰው ነው። እህል እየተሰጠው የሚደልብ ሙክትም ሽንቱ ይዘጋል፤ የፎስፌት ጠጠር ጠባቡ ቧንቧው ላይ ይቀረቀራል። የእንስሳት ሐኪሞቻችን በትምህርት ቤትም በሜዳም ያዩት ነገር ነው። ከሙክቱ የተወሰደ አንድ እምነት ግን ድመቱ ላይ አይሠራም። በግና ፍየል በሕፃንነቱ ሲኮላሽ ቧንቧው ሳይሰፋ ይቀራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ድመትንም «ቶሎ ስለ ተኮላሸ ነው» ይላል። የድመቶች ቧንቧ ሲለካ ግን በልጅነቱ በተኮላሸውና ባልተኮላሸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። የተኮላሸ ድመት ይበልጥ የሚጋለጠው ስለሚወፍርና እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ ይመስላል። ድመቱን ያስኮላሹ ሰዎች በዚህ ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም።

ተጠያቂ ፍለጋ

ምክንያቱን የመፈለጉ ታሪክ ትዕግሥት የሚያስተምር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ካተሪን ፋብሪካንት ከታመሙ ድመቶች ቫይረስ ለይታ አውጥታ ተጠያቂው እርሱ ነው ብላ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ዴንማርካዊው ፕሬበን ቪለቤርግ የድመቶችን አኗኗር መረመረ፤ የተኮላሸ፣ የወፈረ፣ ከቤት የማይወጣና ደረቅ ምግብ የሚበላ ወንድ ድመት የበለጠ እንደሚታመም አሳየ። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆመ ነው፤ የእስራኤሉም ጥናት ክብደትንና ደረቅ ምግብን እንደገና አግኝቷቸዋል።

ቀጥሎ ጣት የተቀሰረው በምግቡ ማዕድን ላይ ነው። መጀመሪያ በጠቅላላው ማዕድን፣ በኋላ በተለይ በማግኒዥየም ላይ። በዘመኑ የሚገኘው ጠጠር በብዛት ስትሩቫይት የሚባለው፣ ከማግኒዥየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት የሚሠራው ነበር። አምራቾች ማግኒዥየሙን ቀነሱ፤ ሽንቱን አሲዳማ የሚያደርግ ምግብ መሥራትም ጀመሩ። ውጤቱን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የጠጠር ምርመራ ማእከል መዝግቦታል። በካርል ኦስቦርን መሪነት በ1981 የተቋቋመው ይህ ማእከል በዚያ ዓመት ከተቀበላቸው የድመት ጠጠሮች 78 በመቶው ስትሩቫይት፣ 2 በመቶው ብቻ ካልሲየም ኦክሳሌት ነበሩ። በ2002 ኦክሳሌቱ 55 በመቶ ደረሰ፤ ስትሩቫይቱ ወደ 33 በመቶ ወረደ። አሲዳማው ሽንት አንዱን ጠጠር ሲከለክል ለሌላው መንገድ እንደ ከፈተ ብዙዎቹ የዘርፉ ሰዎች ይስማማሉ። ልዩነቱ ለባለ ድመቱ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ስትሩቫይት በታዘዘ ምግብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል፣ ኦክሳሌት ግን አይሟሟም። ስለዚህ የወጣ ጠጠር ካለ መጣል የለበትም፤ ምን እንደሆነ ይመርመር። ዓይነቱ ሳይታወቅ «ለሽንት የሚሆን» ተብሎ የሚገዛ ምግብም ሆነ ሽንት አሲዳማ ያደርጋል ተብሎ የሚጨመር ዱቄት በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ጥናቱ እየሰፋ ሲሄድ ግን ጠጠር የሌለበት ድመት በዛ። የሽንት ሕመም ካለባቸው ወጣትና ጎልማሳ ድመቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠጠርም ባክቴሪያም አይገኝባቸውም፤ ፊኛቸው ግን ተቆጥቷል። ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ የማገገሙ ጉዳይ በዋናነት የተያዘው እዚህ ነውና።

ሐኪሙ ዘንድ

መጀመሪያ የሚታከመው ልብ ነው፤ ቧንቧው ቀጥሎ ይመጣል። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ፖታሲየሙን አይቀንስም፣ ለግማሽ ሰዓት ገደማ ልቡን ከጉዳቱ ይከላከልለታል። በዚያ ጊዜ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር እየተሰጠ ፖታሲየሙ ከደም ወደ ሕዋሳት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ፈሳሽም ይገባል። ስለ ፈሳሹ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ፍርሃት ነበር፤ ሪንገር ላክቴት የመሰለው ፈሳሽ ጥቂት ፖታሲየም ስላለው ለተዘጋበት ድመት አይሰጥም ይባል ነበር። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2008 ባሳተሙት፣ 68 ድመቶችን ባወዳደሩበት ጥናት ፖታሲየም ያለበት ሚዛናዊ ፈሳሽ የወሰዱት ድመቶች ፖታሲየማቸው ከሌሎቹ እኩል ወረደ፤ የደማቸው አሲድ ደግሞ በፈጠነ ሁኔታ ተስተካከለ። ይህ በየክሊኒኩ መታወቅ ያለበት ነገር ነው፤ ትክክለኛው ፈሳሽ የለም እየተባለ በሚጠፋ ሰዓት ድመት ይሞታልና።

ከዚያ ድመቱ ተደንዝዞ፣ አንዳንድ ቦታም በጅራቱ ሥር ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ቧንቧው እየታጠበ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። እዚህ ላይ እጅ የለሰለሰ ሐኪም ከፈጣን ሐኪም ይሻላል። በጉልበት የተገፋ ካቴተር ቧንቧውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ራሱ መዝጊያ ይሆናል። በ2013 የታተመ፣ 192 ድመቶችን ያየ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀጭኑ ካቴተር ከገባላቸው ይልቅ ወፍራሙ የገባላቸው በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛት ዳግም ሲዘጋባቸው አግኝቷል። ካቴተሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ተለጥጦ የደከመ ፊኛ ካለ ከዚያም ይረዝማል።

ቧንቧው በተከፈተ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከድመቶቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከመጠን በላይ መሽናት ይጀምራሉ። ተጨናንቆ የቆየ ኩላሊት ውኃ መቆጠብ ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚወጣው ሽንት እየተለካ በዚያው ልክ ፈሳሽ ካልተተካ ድመቱ ይደርቃል፤ ከመጠን በላይ የነበረው ፖታሲየምም አሁን ከመጠን በታች ይወርዳል። «ተከፍቷል፣ ውሰዱት» ተብሎ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚላክ ድመት የሚጎዳው በዚህ ነው። ባለ ድመቱ ሊጠይቀው የሚገባው ቀላል ጥያቄ «በሰዓት ምን ያህል ሸና? ምን ያህልስ ፈሳሽ ተተካለት?» የሚል ነው። አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ አዲስ የተዘጋበት ድመት ሽንት በአብዛኛው ከባክቴሪያ የጸዳ ነው፤ ካቴተሩ እያለ ለመከላከል ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ጠንካራውን ባክቴሪያ መርጦ ከማሳደግ በቀር እምብዛም አይጠቅምም። ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ሽንቱን አስመርምሮ መስጠት ይሻላል።

የፕራዞሲን ታሪክ

ይህን መድኃኒት ለብቻው የማነሣው ብዙ ድመት አሁንም ይዞት ከክሊኒክ ስለሚወጣ ነው። ፕራዞሲን ለሰው የደም ግፊት የተሠራ፣ የለስላሳ ጡንቻ መኮማተርን የሚያላላ መድኃኒት ነው። ቧንቧው ተኮማትሮ ከሆነ ይላላ የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ነበር። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ2013 ጥናት ደግፎት ነበር፤ ፕራዞሲን የወሰዱት በ24 ሰዓት ውስጥ 7 በመቶ ሲዘጋባቸው፣ ፌኖክሲቤንዛሚን የተባለውን የወሰዱት 22 በመቶ ተዘግቶባቸዋል። ልብ ይሏል፤ ንጽጽሩ ሁለት መድኃኒቶችን ነው እንጂ መድኃኒትን ከባዶ ጋር አይደለም። ይህ ጉድለት ሳይታይ ፕራዞሲን በየቦታው የተለመደ ትእዛዝ ሆነ። በ2017 ከማስመሰያ ክኒን ጋር ሲወዳደር ልዩነት አልተገኘም። በ2022 ደግሞ የ388 ድመቶች መዝገብ ተገላብጦ ሲታይ ፕራዞሲን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ዳግም ተዘግቶባቸው ተገኘ።

የሰውነት አሠራሩም ይህን የሚያስረዳ ነው። የወንዱ ቧንቧ ለስላሳ ጡንቻ ያለው ወደ ፊኛው በሚጠጋው ክፍል ነው። በሚጠብበትና ብዙውን ጊዜ በሚዘጋበት በታችኛው ክፍል ያለው በአብዛኛው ሌላ ዓይነት፣ ፕራዞሲን የማይደርስበት ጡንቻ ነው። የ2022ቱ ጥናት መዝገብ የገለበጠ እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አይደለምና የመጨረሻ ፍርድ ነው አልልም። ያለው ማስረጃ ግን መድኃኒቱን በልማድ መስጠትን አይደግፍም፤ የደም ግፊት የሚያወርድና የሚያደክም መሆኑ ሲጨመርበት፣ እኔ ለአንድ ድመት ምን ይሰጥ ብባል ሕመም ማስታገሻውን እመርጣለሁ።

ገንዘብ ሲያጥር

ስለዚህ ሕመም የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች አንድ ሐቅ ይዘላሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሽንት የተዘጋበት ድመት የሚሞትበት አንዱ ምክንያት የሕክምናው ዋጋ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን የሚያስተኛ ሕክምና በዶላር ሺዎች ይጠይቃል፤ መክፈል ያልቻለው ባለ ድመት የሚቀርብለት አማራጭ በመርፌ ማሳረፍ ይሆናል። ይህ ሊድን የሚችል ሕመም ስለሆነ ያሳዝነኛል።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። የካቴተሩን ሕክምና መክፈል ያልቻሉ ሰዎች ያመጧቸውን 15 ድመቶች በማረጋጊያና በሕመም ማስታገሻ አከሙ፤ ፊኛቸውን በመርፌ እየመጠጡ አራገፉ፤ ጸጥ ባለ ጨለማ ክፍልም አስቀመጧቸው። ከ15ቱ 11ዱ ካቴተር ሳይገባላቸው በራሳቸው መሽናት ጀመሩ። የቀሩት አራቱ አልተሳካላቸውም፤ ፊኛን በመርፌ መምጠጥም የራሱ አደጋ አለው። በጠና የታመመ ድመት ወይም ጠጠር የተሰካበት ለዚህ አይሆንም። ይሁንና ካቴተሩም ሆነ አስተኝቶ ማከሚያው በሌለበት ሁሉ፣ በአገራችን ከተሞችም ጭምር፣ ሐኪሙ በእጁ የሚገኝ ሁለተኛ መንገድ እንዳለ ማወቁ ሕይወት ያተርፋል። ለእኔ ደግሞ ጥናቱ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይናገራል፤ ጸጥታና ሕመም ማስታገስ ብቻቸውን ቧንቧ መክፈት ከቻሉ፣ መዝጋቱ ላይም ጭንቀትና ሕመም እጃቸው አለበት ማለት ነው።

ወደ ቤት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ ዳግም መዘጋት በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው። ለድመቱ አንድ ክፍል ይለቀቅለት። በውስጡ አሸዋው፣ ውኃው፣ ምግቡና የሚደበቅበት ነገር ይኑር። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ድመቱ ያርፋል፤ ጠባቂውም አሸዋው ላይ ያለው ሽንት የማን እንደሆነ ያውቃል። ሌሎች ድመቶች ካሉ ከሆስፒታል የመጣው ጠረኑ ስለተለወጠባቸው እንደ ባዕድ ሊጣሉት ይችላሉ፤ መለየቱ ከዚህም ያድነዋል።

ለተወሰኑ ቀናት ትንሽ ትንሽ መሽናትና ሽንቱ ሮዝ መምሰሉ የሚጠበቅ ነው፤ የቆሰለ ፊኛ ወዲያው አይረጋጋም። የሚያስፈራው ማማጥ እያለ ምንም አለመውጣቱ ነው። ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ «ትናንት ተከፍቶ የለም ወይ» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ጠባቂው ድመቱ አሸዋ ላይ ሲወጣ ብቻ አይቶ «ሸንቷል» ማለቱ ነው። መቆጠር ያለበት የረጠበው አሸዋ ነው። ሲረጥብ ጓል የሚሠራው አሸዋ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ተራ አሸዋ ስስ አድርጎ መርጨት ወይም የተቀደደ ጋዜጣ ማንጠፍ እርጥበቱን ያሳያል።

ሕመም ማስታገሻው እስከ መጨረሻው ይሰጥ። ብዙ ሐኪሞች ቡፕሬኖርፊን ይሰጣሉ፤ ድድ ላይ ሲንጠባጠብለት በአፉ ውስጥ ስለሚመጠጥ ቤት ለመስጠት ይመቻል። እዚህ ላይ በአጽንዖት መናገር ያለብኝ ነገር አለ፦ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። አንድ የአዋቂ ሰው ክኒን ይበቃል፤ ግማሹም ሊበቃ ይችላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቱ ለተጎዳ ድመት መርዝ ናቸው። ለሰው የተገዛ ክኒን በርኅራኄ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው፤ ርኅራኄው እውነተኛ ቢሆንም ድመቱን ያሳጣል።

ምግብ አልበላም ካለ ሁለት ቀን አይታለፍ። በተለይ የወፈረ ድመት ሲጾም ስብ ጉበቱን ይወርረዋል፤ ከሽንት ሕመሙ ድኖ በጉበት ሊሞት ይችላል። የታዘዘለትን አዲስ ምግብም ሲያቅለሸልሸው ከማቅረብ፣ መጀመሪያ የለመደውን በልቶ ጉልበት ካገኘ በኋላ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ መቀየር ይሻላል።

ውኃ

የድመት ዘር ከደረቅ ምድር የመጣ ነው። የቤት ድመት የወጣበት የዱር ድመት፣ ዝርያው በኢትዮጵያም አሁን ድረስ የሚኖረው፣ ውኃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ካደነው ነው፤ የአይጥ ሥጋ ሁለት ሦስተኛው ውኃ ነውና። ስለዚህ ድመት የጥማት ስሜቱ ደካማ ነው፤ ሽንቱንም አክርሮ ውኃ መቆጠብ ይችላል። እንዲህ ያለው እንስሳ ከ10 በመቶ የማይበልጥ ውኃ ያለውን ደረቅ ምግብ ሲበላ፣ ከጎኑ ንጹሕ ውኃ ተቀምጦለትም፣ ጉድለቱን ጠጥቶ አይሞላም። የከረረ ሽንት ክሪስታል ያሠራል፤ የተቆጣውን ፊኛም ያቃጥላል።

ለዚህ ያለው ማስረጃ ግልጽ ነው። በ1999 በታተመ ጥናት የሽንት ሕመም የነበረባቸው ድመቶች ይዘቱ የተቀራረበ ምግብ ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ እርጥቡ የታሸገው፣ ለሌሎቹ ደረቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው እርጥቡን ከበሉት 11 በመቶ፣ ደረቁን ከበሉት 39 በመቶ ነበሩ። ለዚህ ሕመም ከቀረቡት ክኒኖች ይህን ያህል ውጤት ያሳየ አላውቅም። ሐኪሞች የሚፈልጉት የሽንቱ የክረት ልክ ከ1.035 በታች እንዲወርድ ነው፤ በሽንት ምርመራ የሚለካ ስለሆነ የሚደረገው ጥረት መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ይቻላል።

የታሸገ እርጥብ ምግብ ውድ በሆነበት ወይም በማይገኝበት ቦታ ደረቁ ምግብ ላይ ውኃ መጨመር ይቻላል፤ ከትንሽ ተጀምሮ ድመቱ እስኪለምድ ድረስ። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ወይም የዓሣ ውኃም ይስባቸዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን በፍጹም አይግቡበት፤ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወጥ የፈሰሰበት እንጀራ ለድመት የማይሆነው በዋናነት ለዚህ ነው።

በእኛ ቤቶች ልዩ ትኩረት የሚሻው የጾም ወቅት ነው። በሁዳዴ ቤቱ ሽሮና ምስር ሲበላ ድመቱም ከዚያው ይካፈላል። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ሥጋ ሽንቱን አሲዳማ ያደርጋል፣ እህልና ጥራጥሬ የበዛበት ምግብ ግን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል፤ ስትሩቫይት የሚያድገው ደግሞ አሲድ ባጣ ሽንት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋበት ድመት ያለበት ቤት በጾምም ቢሆን ለድመቱ የሚሆን ሥጋ ወይም ዓሣ መመደብ ይኖርበታል። ጾሙ የሰው እንጂ የእርሱ አይደለም።

ቤቱ ራሱ

አሁን ቀደም ብዬ ወደተውኩት፣ ጠጠርም ባክቴሪያም ሳይኖር ወደሚቆጣው ፊኛ ልመለስ። በዚህ ላይ ከማንም በላይ የሠራው የኦሃዮ ስቴቱ ቶኒ ባፊንግተን ነው። በሕመሙ ተማርረው ሊያስገድሏቸው ከነበሩ ሰዎች ድመቶችን ተቀብሎ ለዓመታት አጠና። ያገኘው ነገር ፊኛው ብቻውን እንዳልታመመ ነው። የነዚህ ድመቶች የጭንቀት ሥርዓት ሁልጊዜ የነቃ ነው፤ ኖርኢፒነፍሪን የተባለው የጭንቀት ኬሚካል ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ማርገብ የሚገባው የአድሬናል እጢ ግን ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት በ2011 ሕመሙን የፊኛ ብቻ አድርጎ ማየት እንደማይበቃ ጻፈ።

በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ማንኛውም ባለ ድመት ሊያነበው የሚገባ ነው። 20 የታመሙና 12 ጤነኛ ድመቶችን ለ77 ሳምንታት ተከታተሉ። ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥም፣ ማለትም የለመዱት ሰው ሲቀር፣ የምግብ ሰዓት ሲዛባ ወይም የተለመደው ጨዋታ ሲቋረጥ፣ ምግብ መተውና ከአሸዋ ውጭ መሽናት ጨመረ። ጨምሮም የተገኘው በታመሙት ብቻ ሳይሆን በጤነኞቹም ላይ ነው። ኑሯቸው ሲደላደል ደግሞ የታመሙትም ረጋ ይሉ ነበር። በ2006 በባለ ድመቶች ቤት ውስጥ በነበሩ 46 ድመቶች ላይ የቤታቸውን ሁኔታ ማሻሻል ሲሞከርም ሕመሙ በግልጽ ቀንሷል። ያኛው ሙከራ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ይህ ድክመቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ጉዳት የሌለውና ወጪው ትንሽ የሆነ ነገር እስከዚህ ከረዳ ለመጀመር የሚያስፈራ ምንም የለም።

በተግባር ምን ማለት ነው? ምግብና ጨዋታ በሰዓቱ ይሁን። የአሸዋ ሣጥኑ ሰው ከማይበዛበት ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ይጠረግ፤ ቁጥሩም ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ። ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ፣ በመስኮት የሚያይበት፣ ከልጆች የሚሸሽበት ጥግ ይኑረው። በዓል ሲመጣ፣ እንግዳ ሲሞላ፣ የቤት ዕቃ ሲቀየር፣ አዲስ ሕፃን ሲወለድ አሸዋው ከወትሮው ይበልጥ ይታይ። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሠርግ ወይም ለልቅሶ አገር ቤት ሲመጡ ድመቱን ለወር ያህል ለጎረቤት ይተዉታል፤ ከላይ ያለው ጥናት የሚነግረን ለእርሱ ይህ ትልቅ ለውጥ መሆኑን ነው። የሚቻል ከሆነ ድመቱ ከለመደው ቤት ሳይወጣ ጠባቂው እየመጣ ቢያየው ይሻላል፤ የቀደመውን ሕመምና የሐኪሙን ስልክ ለጠባቂው መንገርም ግዴታ ነው። በገበያ ላይ ያሉ የማረጋጊያ ጠረኖችና የፊኛ ሽፋን ያጠነክራሉ የሚባሉ እንክብሎች ግን ከማስመሰያ ጋር ሲወዳደሩ የጎላ ጥቅም አላሳዩም። ገንዘቡ ለእርጥብ ምግብ ቢውል እመርጣለሁ።

በአገር ውስጥ ያለውን ሕክምና በተመለከተ፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲቋቋም ዋና ዓላማው የቀንድ ከብቱ ጤና ነበር፤ አገሪቱ የምትኖረው በከብት ነውና ትክክል ነበር። ዛሬ ግን በአፓርታማና በኮንዶሚኒየም ተዘግቶ የሚውል ድመት አለ። ለድመት የሚሆን ቀጭን ካቴተርና የፖታሲየም መለኪያ ያለበትን ክሊኒክ ድመቱ ሳይታመም ጠይቆ ማወቅ፣ በጭንቅ ሰዓት ከበር በር ከመንከራተት ያድናል።

ደጋግሞ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚመለስበት ድመት አለ። ለእርሱ ቀዶ ሕክምና አለ። ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ መሠረቱ በ1971 ዊልሰንና ሃሪሰን ያሳተሙት ነው፤ ጠባቡ የቧንቧ ጫፍ ተቆርጦ ሰፊው ክፍል ከሰውነቱ ውጭ እንዲከፈት ይሰፋል። በለመደ እጅ ሲሠራ ድመቱ ለዓመታት በደህና ይኖራል፤ በጠባሳ የተበላሸ ቧንቧ ሲኖርም ብቸኛው መንገድ ይሆናል። ባልለመደ እጅ ግን አዲሱ ቀዳዳ ራሱ ይጠብባል፤ ስለዚህ ሐኪሙን ይህን ቀዶ ሕክምና ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደሚያውቅ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባለ ድመቱ ከመወሰኑ በፊት ማወቅ ያለበት ቀዶ ሕክምናው የሚያስወግደው መዘጋቱን መሆኑን ነው። የፊኛው መቆጣት ይቀጥላል፤ ደም መሽናትና ማማጥ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ጠጠርም ፊኛው ውስጥ ማደጉን አይተውም። ያ ጠባብ ጫፍ ባክቴሪያን ያግድ ስለነበር ከተቆረጠ በኋላ ኢንፌክሽን ይበዛል፤ ስለዚህ ድመቱ ምንም ምልክት ባያሳይም በየጥቂት ወሩ ሽንቱ ይመርመር። እርጥቡ ምግብ፣ ውኃውና የተደላደለው ኑሮም ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደነበሩት ይቀጥላሉ።